ከመጽሐፉ በፊት አርባ ቃል

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ ቤቲ ከኮዬ ፈጬ ልትጠይቀኝ መጣች። መጣች ይባላል እንጂ እናቷ ናት የላከቻት፤ «አባባን እዪው፣ ምሳ መብላቱን ጠይቂው» ብላ። ልጅቷ ምሳዬን ትታ፣ ገና በቅጡ ሳትቀመጥ፣ ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጉልበቴ ላይ ዘረጋችው።

«አባባ፣ እስኪ የእነዚህን ትርጉም ንገረኝ። ለሰኞ ነው።»

«ምንድነው እሱ?»

«ልቦለድ ልናነብ ነው። ቲቸር ከማንበባችሁ በፊት ቃላቱን አጥኑ ብላለች።»

መነጽሬን ፈልጌ አደረግሁና ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ሃያ ቃል በኮምፒዩተር ተጽፏል፤ ከየቃሉ ፊት ለፊት ባዶ መስመር ተሰምሮለታል። ስድስተኛው ላይ ስደርስ «ባይተዋር» ይላል። ጣቴን ቃሏ ላይ አድርጌ ቀረሁ። ቤቲ «ምነው አባባ፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ። «ምንም አልሆንኩም፤ እስክሪብቶሽን ያዢ» አልኩና አንድ በአንድ ነገርኳት። ስትጨርስ «አንተ እኮ ጉደኛ ነህ!» ብላ ግንባሬን ስማኝ ሄደች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስሟን ጮክ ብዬ ያልጠራኋት ተማሪዬ ዘነበች በሐሳቤ መጥታ ፊቴ ተገተረች። የእሷን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልነገርኳትም።

ያን ጊዜ አቃቂ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። አሁን «አቃቂ! አቃቂ! አንድ ሰው!» እያለ በሚኒባስ መስኮት የሚንጠለጠለው ረዳት አባቱም ገና አልተወለደም። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ዘመድ ተሰናብቶ ነበር የሚመጣው። መሀሉ ጤፍና ሽንብራ ነው፤ ቃሊቲን አልፈህ ቁልቁል ስትወርድ መጀመሪያ የሚታይህ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ነው፤ ቀጥሎ የባቡር ጣቢያው ቆርቆሮ። ባቡሩ ሲቆም ከቆላ የመጣ ብርቱካንና ሎሚ በቅርጫት ይወርዳል፣ ከእኛ ደግሞ ጣቃ ጨርቅ ይጫናል። የፋብሪካው ፊሽካ በቀን ሦስቴ ይጮሃል። ሰዓት እጁ ላይ ያሰረ ሰው ጥቂት ስለነበር አገሩ ሁሉ የሚነሳውም የሚበላውም በፊሽካ ነው። «ከሁለተኛው ፊሽካ በኋላ እንገናኝ» ይባባላል ሰው፤ ሽማግሌ እርቅ ሲቀመጥም በፊሽካ ይቀጣጠራል። ወንዙ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ይወርድ ነበር፤ የማቅለሚያው ውሃ ነው። ያኔ ክፋቱ አልታየንም። ልጆቹ እንደውም ድልድዩ ላይ ቆመው የወንዙን ቀለም እያዩ በሚቀጥለው ወር ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሚለበስ ይወራረዱ ነበር። ማሽን ያበላሸው ጨርቅ ለሠራተኛው በርካሽ ስለሚሸጥ የልጁ ሸሚዝ፣ የእህቱ ቀሚስ፣ የእናትየው ሽርጥና የቤቱ መጋረጃ አንድ ናቸው። አንዳንድ ቤት ገብተህ ልጁ መጋረጃው አጠገብ ከቆመ ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚታይህ! ሻይ በዳቦ አሥር ሳንቲም ነበር። ጣቢያው ማዶ ያለችው ቡና ቤት ግራምፎን ነበራት፤ መርፌው ከማርጀቱ የተነሳ ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፤ እኛም በዚያው ለምደነው ሸገር ስንሄድ ጥርት ያለውን ዘፈን ስንሰማ የተሳሳተ ይመስለን ነበር። አሁን ያቺ ቡና ቤት የሞባይል መጠገኛ ሆናለች። ይሁን፤ ሁሉም ተራ አለው።

እኔ የሃያ ሁለት ዓመት አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ቡናማ ክራቫት፣ አንድ ሙሉ ልብስ፣ አንድ ጥንድ በየቀኑ የሚወለወል ጫማ፤ በቃ። ኩራቴ ግን የሚኒስትር ነበር። ኩራቴ ምን እንደሸፈነ ልንገራችሁ። እኔ ገጠር ነው የተወለድኩት። የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ አንድ ቀን አንድ ጎብኚ ሹም ክፍላችን ገብቶ እንዳነብ አዘዘኝ። ቆሜ አነበብኩ። መሀል ላይ አስቆመኝና «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» አለ። አላወቅሁም። «የማታውቀውን ነው እንዴ የምታነበው?» አለና ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ያን ቀን በልቤ ማልኩ። የእኔ ተማሪ የማያውቀው ቃል ፊት አይቆምም፤ መጀመሪያ ቃል፣ ከዚያ መጽሐፍ። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆችን ሳይ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። እነዚህ ልጆች ልቦለድ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃሉ? ካላዘጋጀኋቸው አይገባቸውም ብዬ አመንኩ። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴው ነኝ ያመንኩት።

መጽሐፉ ለሰባተኛ ክፍል የመጣው በስምንት ቅጂ ነው። ርዕሱን አልናገርም። አንዲት ሴት የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከአገር አገር የምትንከራተትበት ታሪክ ነው። ስምንቱንም ክፍሌ ጥግ ያለች የእንጨት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸውና ቁልፉን ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ከመጽሐፉ አርባ ቃል መርጬ አወጣሁ። በቀን ሁለት ቃል ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ትርጉሙን እናገራለሁ፤ ግን በዚያ አያበቃም። ልጆቹ ቃሉን ቤታቸው ወስደው «ማዋል» አለባቸው። ማለት፣ ለእናት፣ ለአባት፣ ለጎረቤት፣ ለአንድ ሰው በእውነተኛ ነገር ላይ ተናግረውት፣ ያ ሰው ምን እንደመለሰ በነጋታው ቆመው ይነግሩናል። ያላዋለ ቁጭ አይልም። አርባውን ያልጨረሰ ደግሞ መጽሐፉን አይነካም። ይህ ሕግ ነበር፤ የእኔ ሕግ።

መቼም አቃቂ እንደዚያን ሰሞን ተናግራ አታውቅም። ሸምሱ የሚባል ከስልጤ የመጣ ባለሱቅ ነበር፤ ደብተር የምንገዛው ከእሱ ነው። አንዱ ልጅ ስኳር ሊገዛ ሄዶ «ሸምሱ፣ ዛሬ በትካዜ ተውጠሃል» ይለዋል። «በምን ተውጫለሁ?» ብሎ ሸምሱ ከባንኮኒው ጀርባ ዘሎ ወጣ። ሌላው ለአባቱ «አባዬ፣ ጸጸት አይሰማህም?» ብሎ በጥፊ ተመትቶ ጉንጩ እንዳበጠ መጣ፤ ማዋሉ ግን ተቆጠረለት። ከወንዙ ማዶ ካሉት የገበሬ መንደሮች የሚመጣ አንድ ልጅ «ናፍቆት»ን ሊነግረን ቆሞ «እናቴ በኦሮምኛ ሦስት ቃል አላት ጋሼ፤ የትኛውን ልንገርዎት?» አለኝ፤ ሦስቱንም አስነገርኩት። «ጥሞና» ምንድነው ብዬ ብጠይቅ ከኋላ ወንበር አንዷ «ፋብሪካው መብራት ሲጠፋበት!» ብላ ጮኸች፤ ልክ ናት፣ እኛ ዝምታን የምናውቀው በዚያ ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሺፍት ሊገቡ በር ላይ የተሰለፉት ሠራተኞች ሳልፍ «ጋሼ፣ ዛሬስ ምን ቃል አለ?» ይሉኝ ጀመር። ደረቴ እንዴት እንደተነፋ ልነግራችሁ አልችልም።

ዘነበች መስኮቱ ጥግ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበር የምትቀመጠው። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሰረዝ ሰረዝ ያለበት ያው የፋብሪካ ጨርቅ ቀሚስ፣ ሹሩባ፣ ጣቷ ሁልጊዜ ቀለም የነካው። እናቷ ሞታለች፤ አባቷ ፈተል ክፍል ይሠራል፤ ሁለት ታናናሽ ወንድሞች አሏት። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ዘርግታ የምታነብ ልጅ ናት። «ባይተዋር»ን ስታውል ምን አለች መሰላችሁ? «አዲስ የገባ ሠራተኛ ነው ጋሼ። ምሳ ሰዓት ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ጠፍቶት ሳህኑን ይዞ የሚቆም።» «ጸጸት» የወጣ ዕለት ደግሞ ተነስታ ቆመችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ጀመር። «ምነው፣ አላዋልሽም?» አልኳት። «አውዬዋለሁ። ትናንት አባቴ እያሳለ ሲወጣ፣ ዛሬ እንኳ ቅር ልለው ፈልጌ አላልኩትም። ማታ ይህንኑ ነገርኩት።» «እሱስ ምን አለሽ?» «ብትይኝም አልቀርም ነበር አለኝ።»

በየቀኑ ከክፍል ስንወጣ ተከትላኝ ትመጣለች። «ጋሼ፣ ይህቺ ቃል መጽሐፉ ውስጥ የቱ ጋ ናት? ማን ነው የሚላት?» ትለኛለች። «ትደርሺበታለሽ» እላለሁ። «እህቲቱ ናት አይደል? ወንድሟን ልታገኘው ስትል ነው አይደል?» «ትደርሺበታለሽ አልኩሽ እኮ!» እየሳቀች ትሄዳለች። እኔም እየሳቅሁ ቁልፌን ኪሴ ውስጥ እያንቃጨልኩ እሄዳለሁ። ልጅቷ መጽሐፉን እንዴት እንደተራበች አይቼ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል።

የአባቷ ሳል ባሰበት። መጀመሪያ አንድ ቀን ቀረ፣ ከዚያ ሳምንት፣ ከዚያ ጭራሽ ከአልጋ መነሳት አቃተው። ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር አንድ ልማድ ነበር፤ ሰውየው መሥራት ካቃተው ቦታው ሌላ ሰው ሳይገባበት ከቤቱ አንድ ሰው እንዲተካው ካቦው፣ የሺፍቱ አለቃ ማለቴ ነው፣ ይፈቅዳል። ቸርነት ነበር፤ ስንቱን ቤት ከረሃብ አውጥቷል። ወንድሞቿ ገና ጥርሳቸውን ያልቀየሩ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የቤቱ ሰው እሷ ናት። ማንም አልተገረመም፤ እኔም አልተገረምኩም።

ዓርብ ዕለት፣ ሃያ ስድስተኛውን ቃል ጨርሰን ልጆቹ ሲወጡ እሷ ቀረች። ደብተሯን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ሰኞ ፋብሪካ ልገባ ነው።»

«ሰማሁ ልጄ። እግዚአብሔር አባትሽን ይማርልሽ።»

«አሜን። ጋሼ… መጽሐፉን ለቅዳሜና ለእሑድ ብቻ ያውሱኝ። እሑድ ሳይመሽ ቤትዎ ድረስ አመጣዋለሁ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምይዘው፣ ወንድሞቼም አይነኩብኝም።»

«ዘነበች፣ ገና ሃያ ስድስት ላይ ነን እኮ።»

«የቀሩትን ዛሬውኑ ይስጡኝ፤ አጠናቸዋለሁ።»

የቀሩትን አሥራ አራት ቃላት ከነትርጉማቸው ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ትልቅ ውለታ የዋልኩላት መስሎኝ ነበር። በልቤ ደግሞ አትችለውም ብያለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን እንደለበሰች የተከራየሁበት ግቢ መጣች። ቆማ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ አሥራ አራቱንም በቃሏ ወጣቻቸው። ሁሉንም አውላቸዋለች፤ ለታመመው አባቷ፣ ለወንድሞቿ፣ ውሃ ስትቀዳ ላገኘቻት ሴት፣ ለሸምሱ። አንድም አልሳተችም። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ በጣቴ እየነካካሁት ነው ያናገርኳት።

«ጎበዝ! ግን እኮ ዘነበች፣ መጽሐፉ የትምህርት ቤት ንብረት ነው። ከክፍል አይወጣም። ለአንቺ ብሰጥ ሌሎቹ ምን ይላሉ?»

«ሌሎቹ ነገ ፋብሪካ አይገቡም» አለች።

«ከሥራ ስትወጪ ነይ። ከክፍሉ ጋር አብረሽ ታነቢያለሽ፤ እኔም አስረዳሻለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አለች። እጄን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ከለከልኳት። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

እውነቱን ልናገር። ንብረት ያልኩት ሰበብ ነው። ዳይሬክተሩ ከማንም የበለጠ ደግ ሰው ነበር፤ ብጠይቀው «ስጣት እንጂ!» ነበር የሚለኝ። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ብቻዋን ስታነበው አይገባትም አልኩ። አርባውንም ቃል እያወቀችው፣ አስተማሪው እኔ ካልቆምኩላት አይገባትም አልኩ። ደግሞም፣ ይቅር በሉኝና፣ ሥርዓቴ እንዲበላሽብኝ አልፈለግሁም። ያ ሁሉ ሠራተኛ በር ላይ «ዛሬስ ምን ቃል አለ?» የሚለኝ በሥርዓቴ ነዋ! በአንዲት ልጅ ላፈርሰው ነው?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሠላሳ ሦስተኛውንና ሠላሳ አራተኛውን ቃል ስናወጣ፣ በመስኮቱ በኩል አየኋት። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። ሻሿ ላይ፣ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር የጥጥ ብናኝ አለ፤ በአራት ቀን ውስጥ ያረጀች መሰለችኝ። ወጣሁላት።

«ጀመራችሁ እንዴ ጋሼ?»

«ገና ነን። ረቡዕ እንጀምራለን። ረቡዕ ነይ።»

«ከሰኞ ጀምሮ ሺፍቴ ይዞራል። ከሰዓት ገቢ ነኝ።»

«እንግዲህ ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት…» አልኩ።

«ከዚያ በኋላ ባለው የሌሊት ነኝ» አለችና ፈገግ አለች። ከውስጥ ልጆቹ ሠላሳ አራተኛውን ቃል በጋራ ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። ቆማ ሰማቻቸውና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራቸው አለችው። ከዚያ ሄደች። ቁም ሳጥኑ ከቆምኩበት አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር።

ረቡዕ ጀመርን። በዘጠኝ ቀን አለቀ። ለመጽሐፉ ሃያ ቀን ስንዘጋጅለት ከርመን በዘጠኝ ቀን አለቀ። ከአርባው አንዱ በመጣ ቁጥር ልጆቹ ወንበር ላይ እየዘለሉ ይጮሃሉ፤ ዳይሬክተሩም መጥቶ አጨበጨበልኝ። ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጥግ፣ ሌላ ልጅ አላስቀመጥኩም። የሷ ሺፍት ዞሮ የጠዋት ሲሆን እኛ የሂሳብ ፈተና ላይ ነበርን። ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣችም። ወር ያህል ቆይቶ አባቷ አረፈ፤ ለቅሶ ሄጄ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ ስለ መጽሐፍ የሚወራበት ቦታ አልነበረም።

ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ። መፈክሩ፣ መዝሙሩ፣ የደሞዝ ወረቀታችን ላይ የሚመታው ማኅተም ሳይቀር ተለወጠ፤ እንደገናም ተለወጠ። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሸበትኩ። አንድ ክረምት ትምህርት ቤቱ አሮጌ መጻሕፍት ሊያስወግድ ግቢ ውስጥ ሲከምር ከስምንቱ አንዷን አገኘኋትና ካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ ወጣሁ። ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አልወሰድኩላትም። ምን ብዬ? ዘነበች እዚሁ አቃቂ ነበረች፤ ባሕር ማዶ አልሄደች! አንድ ጊዜ ከፋብሪካው በር ከሴቶች ጋር እየሳቀች ስትወጣ አየኋት። ሌላ ጊዜ ሳሪስ አቦ ገበያ ከልጇ ጋር ሽንኩርት ስትመርጥ አገኘኋት፤ እኔ፣ የተከበርኩ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ፣ ከሽንኩርት ክምር ጀርባ ጎንበስ ብዬ ተደበቅሁ። ባለ ሽንኩርቷ «ምን ጠፋብዎት አባቴ?» አለችኝ። «ሳንቲም» አልኳት።

እንግዲህ ቤቲ ወረቀቷን ይዛ ከሄደች በኋላ ሁለት ቀን አመነታሁ። ሰኞ ጠዋት መጽሐፉን በፌስታል ያዝኩና ባጃጅ ተሳፈርኩ። የሸምሱን ሱቅ አሁን ልጁ ነው የያዘው፤ እሱም ራሱ ሸብቷል። «ዘነበች የምትባል፣ ፈተል ክፍል የነበረች» አልኩት። «እትዬ ዘነቡን ነው? ከሐዲዱ ማዶ፣ አረንጓዴው በር። ብቻ ጋሼ፣ ዓይናቸው ሞራ ጋርዶታል፤ ቀስ ብለው ይጥሯቸው፣ እንዳይደነግጡ» አለኝ።

በሩ ክፍት ነበር። ፀሐይ ላይ በርጩማ አውጥታ፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ምስር በጣቷ እየዳሰሰች ትለቅማለች። ጸጉሯ ከሻሿ ሥር ነጭ ነው።

«ማነው?» አለች ቀና ሳትል።

«እኔ ነኝ። የድሮ አስተማሪሽ።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «ጋሼ አበራ?» አለች። ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። «ውይ ጋሼ! ድምፅዎ እኮ አልተለወጠም! ምነው ቆዩ? ምነው ይሄን ያህል?» አንገቴን ይዛ ሳመችኝ፤ እጇ ፊቴን ዳሰሰው። ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፤ አንዱ ሐዋሳ ነው፣ አንዷ እዚሁ ናት፣ ከሥራ ስትመለስ ትመጣላታለች። ስለ ባለቤቴ ሞት ነገርኳት። አዘነችልኝ። ጉዳዬን መጀመር ግን አቃተኝ። በመጨረሻ «መጽሐፉን አመጣሁልሽ» አልኳት።

የቱን መጽሐፍ ብላ አልጠየቀችኝም። እጇን ዘረጋች፤ ሰጠኋት። ሽፋኑን ዳሰሰችው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ደባበሰችው፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ቀጭን ናት ለካ» አለች። «እኔ ይህን የሚያህል ትመስለኝ ነበር።» በእጇ ትልቅ አድርጋ አሳየችኝ። «አርባውንም ይዣቸው ነው የገባሁት እኮ ጋሼ። ፈተል ክፍል ሰው አይደማመጥም፤ ብትጮህም አይሰማም። ያኔ አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ ይቺን እህቲቱ ናት የምትላት፣ ይቺን ወንድምየው ነው፣ እያልኩ ታሪክ አበጀሁላቸው። ስንት ዓመት! ለልጆቼም መጽሐፍ ላይ ያለ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ዋሸሁ አይደል?»

«አልዋሸሽም።»

«እስኪ ያንብቡልኝ» አለችና መለሰችልኝ። «እኔስ ጊዜው አለፈኝ፤ ፊደሉ አይታየኝም።»

መነጽሬን አደረግሁና ጀመርኩ። በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ «ባይተዋር» መጣ። ሳልጨርሰው «ሳህኑን ይዞ የሚቆም!» አለችና ሳቀች፤ ልጅ ሆነች። በሦስተኛው ገጽ «ስንብት» መጣ፤ ያንንም አለችው። ከዚያ እያነበብኩ ሄድኩ። ገጽ ገለጥኩ፣ ሌላ ገለጥኩ። እህቲቱ የወንድሟን ጋቢ አቅፋ መንገድ ዳር የተቀመጠችበት ቦታ ደረስን፤ ዘነበች ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ታዳምጣለች። አምስት ገጽ፣ ስድስት ገጽ፤ ከአርባው አንድም አልመጣም። እኔ ራሴ እስከዚያች ቀን ልብ አላልኩትም። ሴትየዋ ትሄዳለች፣ ትጠይቃለች፣ ይራባታል፣ ወንድሟን ታስታውሳለች፤ ማንም ልጅ በሚያውቀው ቃል ነው የተጻፈው።

«ጋሼ» አለችኝ።

«ወይ።»

«ቃሎቹ የታሉ?»

«ወደፊት አሉ… አልፎ አልፎ ነው የሚመጡት።»

በሐዲዱ ላይ ፍየሎች ያልፉ ነበር፤ ደወላቸው እስኪርቅ ጠበቀች። ስትናገር ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

«ያኔም እኮ ይገባኝ ነበር» አለች።

ሃምሳ ዓመት ስላለፈው ስለዚያ የማሠልጠኛ ሳቅ ልነግራት አሰብኩ፤ ለእሷ ምን ያደርግላታል? «አዎ ዘነቡ፣ ይገባሽ ነበር» አልኳት። መነጽሬ ጭጋግ ሆነብኝና መስመሩ ጠፋኝ፤ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ይዤ ቁጭ አልኩ።

እሷ እጇን ሰዳ ክንዴን ፈለገችና ነካ ነካ አደረገችኝ።

«በሉ እንጂ ጋሼ፣ ይቀጥሉ» አለች። «ዛሬም ሊያስጠብቁኝ ነው?»